በመጀመሪያው ጥሪ አትዙሪ

ባለፈው ቅዳሜ ዲላ ውስጥ አንድ ጫማ ቤት ገባሁ። ጫማ አምሮኝ ሳይሆን ዝናብ አባሮኝ ነው። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ከውስጥ ደግሞ ገንዘብ መቀበያው አናት ላይ «ዋጋ አንድ ነው፣ መከራከር አይቻልም» ይላል። ሁለቱንም የጻፈው አንድ እጅ ነው፣ ፊደሉ ያስታውቃል። ቀንሰዋል ወይስ አይቀንሱም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ድሮ ቀረ። ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልኳን የምትነካካ ልጅ ቀና እንኳ ሳትል «እናት፣ ምን ልስጥሽ?» አለችኝ። በእኛ ጊዜ ገዢ ሲገባ ሻጭ ከመቀመጫው ይነሳ ነበር። አንገትሽን ሊቆርጥም ቢሆን ቆሞ ነው የሚቆርጥሽ። «ዝናቡን ስጪኝ» ልላት አስቤ ተውኩትና መደርደሪያ ወደ ማየት ገባሁ።

እዚያ ቤት ውስጥ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ አንድ ሰው አገኘሁ። የጠየቀኝን ነገር እደርስበታለሁ። ይህን የምጽፈው ግን በንዴት መሆኑን ከወዲሁ እወቁልኝ። ትዝታ ይጣፍጣል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ያለፈውን ዘመን በቅናሽ የገዙት ይመስለኛል። እኔ ሙሉ ዋጋ ከፍዬበታለሁ፣ ያስከፈለችኝ ደግሞ በሕይወቷ ሙሉ ዋጋ ከፍላ የማታውቅ ሴት ናት።

አክስቴ እታገኝ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ዲላ ገበያ ዳር በአንዲት ጠባብ ሱቅ ልብስ የምትሸጥ። እናቴ ስትሞት በአራት ዓመቴ ወሰደችኝ፤ አበላችኝ፣ አስተማረችኝ፣ ይህን አልክድም። ግን ያለ ክርክር የተገዛ ነገር ቤቷ ሲገባ ያማት ነበር። ጎመን እንኳ የምትገዛው ሦስት ሻጮች አጣልታ ነው። ሻጯ በንዴት ጎመኑን ስትወረውርላት ፊቷ ይበራል። ቡና በደረሰ ጊዜ ደግሞ ከወናጎ፣ ከጪጩ፣ ከይርጋጨፌ ገጠር የቡናውን ገንዘብ የያዘ ሰው ዲላን ሲሞላት ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ እሷ ሻጭ ናት። በአሥር ብር የገባ ሸራ ጫማ ሃያ አምስት ትላለች። ገዢው አሥር ሲል «ልጆቼን ይንሳኝ አያዋጣኝም» ብላ ትምላለች። የሌላትን ልጅ ማን ይነሳታል?

ያን ሱቅ አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ ማየት እችላለሁ። የቴትሮን ሱሪ በግራ በኩል ተንጠልጥሎ፣ ኮንጎ ጫማ በላስቲክ ከረጢት ተከምሮ፣ አበባ ያለበት ሻሽ ለአንዱ ሦስት ብር፣ የከፋይ ቀሚስ ፀሐይ እንዳይበላው ከውስጥ። ማዶ ካሴት የሚሸጥ ሰው ነበር፣ አንድ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ የሚያጫውት። ክሩ ተለጥጦ ዘፋኙ የታመመ እስኪመስል ድረስ አይለውጠውም። ያ ዘፈን ዛሬም ባጃጅ ውስጥ ሲከፈት «ዝጋልኝ» እላለሁ። ሹፌሮቹ ጠንቋይ ነገር ብለውኝ ነው መሰል ቶሎ ይዘጉልኛል።

አክስቴ ለእኔ ያወረሰችኝ ሱቁን አይደለም፣ አካሄዷን ነው። ዋጋው አልስማማ ሲል ጥለሽ ውጪ። ስትወጪ ግን ቀስ ብለሽ፣ ሻጩ እስኪያስብ ጊዜ እየሰጠሽ። «በመጀመሪያው ጥሪ አትዙሪ» ትለኝ ነበር። «የመጀመሪያው ጥሪ የንዴት ነው፣ ሳንቲም አልቀነሰም። በሁለተኛው ቀስ በዪ። በሦስተኛው ዙሪ፣ ያኔ ዋጋው ያንቺ ነው።» ሌላም ደንብ ነበራት፤ እሷ ስትከራከር አብሯት የሄደ ሰው አፉን አይከፍትም። የጨርቁ ቀለም ቆንጆ ነው ብዬ አንድ ጊዜ ስላመለጠኝ እስከ ቤት ድረስ ክንዴን እየቆነጠጠች ወስዳኛለች።

ታደለ ሱቃችን የገባው እንዲህ ባለ የቡና ወቅት ነው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አክስቴ ከኋላ ዕቃ ትፈታለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጫማው ላይ የአሪቻ ቀይ ጭቃ የደረቀበት ልጅ ሰማያዊ ሸሚዝ አንስቶ «ስንት ነው?» አለኝ።

«ሃያ ስምንት።» ልንሸጠው ያሰብነው በአሥራ ስምንት ነው።

ሃያ ስምንት ብር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እኔ ብሩን እያየሁ ቀረሁ።

«አትከራከርም እንዴ?» አልኩት።

«ሃያ ስምንት ነው ብለሽኛል» አለ። «ውሸት ነው?»

አሪቻ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሚዛን ላይ እንደሚሠራ የነገረኝ ያኔ ነው። «ገበሬው ይኼን ያህል ኪሎ ነው ስለው ያምነኛል። እኔም ሰው ያለኝን አምናለሁ። አለዚያ እንዴት ተብሎ ይሠራል?» አማርኛው የጌዴኦ ለዛ ነበረው፣ ቃል አይቸኩልም። ከወጣ በኋላ አክስቴ ከኋላ ብቅ ብላ «የዋህ ነው» አለች፣ ብሩን እየቆጠረች። እኔ ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው መጣ፣ በየቅዳሜው አንድ ነገር በሙሉ ዋጋ ገዛ። አራት ሸሚዝ ሲሞላ ሸሚዝ ፈልጎ እንዳልሆነ አክስቴም ገባት። በጋብቻው ደስ ብሏታል፣ እውነቱን ልናገር። ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ ተባለ፣ ቀኑም ሊቆረጥ ጥሎሹ ብቻ ቀረ።

ጥሎሽ የሙሽራው ወገን ለሙሽሪት የሚያመጣው ልብስና ጌጥ ነው፤ በሽማግሌ ፊት ተዘርግቶ ይታያል፣ ጎደለ ይጨመር ይባላል። አክስቴ ግን እስኪዘረጋ መጠበቅ አልቻለችም። «ጨርቅ የማያውቁ ሰዎች ዝም ብለው ተታለው ይመጣሉ፣ አብረን ሄደን እንግዛ» አለች። ከዲላ ደግሞ አይሆንም። «የዲላን ነጋዴ አውቀዋለሁ፣ ሌባ ነው» አለች፣ ራሷ የዲላ ነጋዴ ሆና። ሐዋሳ ይሁን ተባለ። እኔ፣ አክስቴ፣ ታደለና ታላቅ እህቱ አስቴር ጠዋት ከመናኸሪያ በአንድ አውቶቡስ ተሳፈርን።

ሐዋሳን አልወዳትም። ሐይቅ አላት፣ ዘንባባ አላት፣ አባ ኮዳ የሚባል መላጣ አሞራ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር በሰው መካከል ይንጎራደዳል። ሰው ሁሉ ለመዝናናት የሚመጣባት ከተማ ነጋዴዋ ገዢን ከጫማው ጀምሮ ነው የሚያየው፤ እንግዳ መሆንሽን ካወቀ ለሐይቁም ያስከፍልሻል። የዛሬዎቹ የሰፈሬ ልጆች ቅዳሜ ሄደው እሑድ ማታ ፌስታል አንጠልጥለው ይመለሳሉ። «ሐዋሳ ርካሽ ነው፣ ይኼን በስንት ገዛሁት በዪኝ» ይሉኛል። የመኪናውን፣ የጀልባውን፣ የዓሣውን ደምሩበት ስላቸው ጨቅጫቃ ነኝ። ፎቶውን ያሳዩኛል፤ ያው ውሃ፣ ያው ዘንባባ። እዚያው ዳርቻ ላይ እኔም ፎቶ ተነስቻለሁ። ሥዕሉ ታጥቦ በፖስታ ይመጣል ተብሎ አድራሻ ሰጥተን ነበር። ይምጣ አይምጣ አላውቅም፣ የሰጠነው የታደለን አድራሻ ነው።

ያን ቀን ጠዋት አክስቴን ማየት ነበር። አንድ ጨርቅ ቤት ገባን፤ ነጋዴው ገና መዝጊያውን መክፈቱ ነው። የጠዋት የመጀመሪያ ገዢ ባዶ እጁን ከወጣ ቀኑ ይበላሻል ብለው እንደሚፈሩ ስለምታውቅ ሆን ብላ ነው የቀደመችው። ለካባ የሚሆን ጨርቅ አውርዳ በጥፍሯ ፋቀችው፣ ክር መዛ በክብሪት አቃጥላ አሸተተችው፣ ከዚያ ወርውራ «ማዶ በዘጠና ሰጥተውኛል» አለች። ማዶ ያለው ሱቅ ገና አልተከፈተም። ሰውዬው መቶ ሃምሳ ብሎ ነበር። ወጣች፣ እኛም ወጣን። ጠራት። አልዞረችም። ሁለተኛ ጠራት፣ ቀስ አለች። ሦስተኛ «ኧረ እናቴ ነይ፣ ቀኔን አታበላሺ» ሲል ዞረች፣ በዘጠና አምስት ገዛች። ታደለ ይህን ሁሉ ቆሞ ሲያይ ግራ ገብቶታል። «በዘጠና የሚሰጡት ማዶ ካሉ ለምን ከዚህ በዘጠና አምስት ገዙ?» ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ያኔ መሳቅ ሳይሆን ቁጭ አድርጌ ማስረዳት ነበረብኝ፣ እናም በራሴም እናደዳለሁ።

ቀሚሱ ተገዛ፣ ጫማው ተገዛ፣ ጃንጥላውም ሽቶውም። ቀትር ላይ ሐይቁ ዳር ዓሣ በላን። ታደለ እሾሁን እያወጣ ለእኔ ያቀርብልኝ ነበር። አስቴር ኩስትርትር ያለች ሴት ናት፣ አታወራም፤ የተገዛውን አንድ ሻንጣ ውስጥ አድርጋ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። ሰዓቱ ሲገፋ ወርቅ ቤት ገባን። ቀለበትና ሐብል ነበር የተነጋገርነው፣ እሱም ብዙ ሳያስቸግር ተገዛ። ልንወጣ ስንል አክስቴ መስታወቱ ውስጥ ከሐብሉ ጋር አብሮ የተሠራ ጉትቻ አየች። ትንሽ ነው፣ ጫፉ ላይ የቡና ፍሬ የምታክል ጠብታ አለችው።

«ይኼስ?» አለች።

«እትዬ፣ ጉትቻ አልተባለም» አለች አስቴር።

«ሐብል ብቻ አንገቷ ላይ አስሬ የምነዳት በግ ናት እንዴ?»

«ወንድሜ ያለው ይኼው ነው። ሌላ የለም።»

አክስቴ ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ፣ ጠዋት ጨርቅ ቤት ውስጥ ያየሁት ነው። «እናንተ ጋ የለም ይሆናል፣ እኛ ጋ ግን ሌላ አለ። የጪጩው ነጋዴ ሽማግሌ ልኮ እስካሁን መልስ እየጠበቀ ነው። ሱቅ ያለው፣ መኪና ያለው ሰው።»

የጪጩ ነጋዴ የሚባል ሰው የለም። ኖሮም አያውቅም። ማዶ በዘጠና የሚሸጠው ሰውዬ ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም። የዲላ ገዢና ሻጭ ሁሉ ይህን ንግግር ሰምቶ ይስቅበታል፣ ሌላ ትንሽ ይጨምርበታል፣ ነገሩ ያልቃል። ታደለ ግን ሰው ያለውን የሚያምን ነው። ወደ እኔ ዞረ።

«እውነት ነው?» አለኝ።

መልሱ አንድ ቃል ነበር። አክስቴ ክንዴን ይዛለች፣ ግን አልቆነጠጠችኝም፤ በእሷ ላይ ሳላክክ ልናገር። አብሮ የሄደ አፉን አይከፍትም የሚለው ደንብ ነበር፣ እሱም እውነት ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ጉትቻውን ወድጄዋለሁ። ትንሽ ዝም ብል ይገዛልኛል ብዬ አሰብኩ። ዓይኔን ከዓይኑ አንስቼ መስታወቱ ላይ አደረግኩ።

አክስቴ ይዛኝ ወጣች። ቀስ ብለን ሄድን። አሥር እርምጃ ያህል እንደሄድን «ብርቄ!» ብሎ ጠራኝ። ብርቅነሽ ነው ስሜ፣ ብርቄ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። እግሬ ሊዞር ሲል አክስቴ ክንዴን አጥብቃ «ገና ነው፣ አትዙሪ» አለች። አልዞርኩም። ሁለተኛውን ጥሪ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። ብስክሌት አለፈ፣ ጋሪ አለፈ፣ አንድ ሎተሪ ሻጭ እየጮኸ አለፈ። መናኸሪያ ደረስን።

የዲላ አውቶቡስ ሞልቶ ሲወጣ አልተሳፈርንም። ሁለተኛውም ወጣ። አክስቴ በሩን በሩን እያየች «ይመጣሉ» ትላለች። በሦስተኛው ተሳፈርን።  የይርጋለምን መገንጠያ ስናልፍ እሷ «ነገ ሽማግሌ ይልካሉ፣ ጉትቻውን ይዘው» አለችኝ። ሽማግሌ አልመጣም። እኔ ልሂድ ስላት «ሻጭ ገዢን ተከትሎ ሄዶ ያውቃል?» ብላ በር ላይ ቆመች። ሻጯ እሷ፣ ዕቃው እኔ። ወር ሳይሞላ ታደለ ወደ ጅማ በኩል ሥራ አግኝቶ መሄዱን ከቡና ነጋዴ ሰማን። አክስቴ የሰማች ቀን ምን አለች መሰላችሁ? «ድሮም ጥሩ ገዢ አልነበረም።»

ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው አልጠፋም። አንዱን አክስቴ አባረረችው፣ ሌላውን እኔ። ቀስ በቀስ የሚመጣ ጠፋ። ሱቁም ደከመ፤ በየመንገዱ ልባሽ ጨርቅ እየተዘረገፈ፣ ሰው በላስቲክ ላይ ተንበርክኮ የፈረንጅ ካፖርት ሲመርጥ የእኛን ቴትሮን ማን ያየዋል? አክስቴ አርጅታ አልጋ ስትይዝ የማጥባት፣ የማጎርሳት እኔው ነኝ። አንድ ቀን ብቻዬን ሐዋሳ ሄጄ ያን የመሰለ ጉትቻ ፈልጌ አገኘሁ። ሰውዬው ዋጋውን ነገረኝ፣ ያለውን ከፈልኩት። ቤት ስመለስ አክስቴ ጆሮዬን አይታ «በስንት?» አለች። ስነግራት ከአልጋዋ ላይ በንዴት አለቀሰች። «ስንት እንዳስቀነስሽ ንገሪኝ» እያለች ሌሊቱን ስትጨቀጭቀኝ አደረች። ምንም አላስቀነስኩም አልኳት፣ እንድትናደድ ፈልጌ ነው።

ልትሞት ሰሞን እጄን ይዛ «እኔኮ ሁለተኛ ይጠራል ብዬ ነው» አለችኝ። ስለ ምን እንደምታወራ ገብቶኛል። ይቅርታ መጠየቋ ይሆናል። እኔ «እሺ፣ ተኚ» አልኳት እንጂ ይቅር አላልኳትም። አሁንም አላልኳትም። ሰዎች ለሞተ ሰው ይቅር በዪ ይሉኛል፤ እነሱ ሁለት አውቶቡስ አሳልፈው መናኸሪያ አልተቀመጡም።

ወደ ጫማ ቤቱ ልመለስ። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። ከበስተጀርባዬ አንድ ሽማግሌ ጥቁር ጫማ ለክቶ ልጅቱን «ስንት ነው?» አላት። ዋጋው ጫማው ላይ ተለጥፏል፤ ሰው ግን ይጠይቃል። ነገረችው። ዝም ብሎ ከፈለ። እኔ በዚህ ዘመን እንኳ ትንሽ ሳያጉረመርም የሚከፍል ማነው ብዬ ዞር አልኩ።

«ብርቅነሽ አይደለሽም?» አለ።

ታደለ ነው፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ትከሻው ጎብጧል። ጡረታ ወጥቶ ባለፈው ዓመት ይርጋጨፌ መመለሱን ነገረኝ። ሦስት ልጆች አሉት፣ ባለቤቱ ስኳር ይዟታል፣ ለእሷ መድኃኒት ሊገዛ ነው ዲላ የመጣው። አስቴር አርፋለች። አክስቴም አርፋለች አልኩት። «ነፍስ ይማር» አለ፣ ከልቡ። ከዚያ ጫማውን በካርቶኑ ብብቱ ሥር አድርጎ ጠየቀኝ።

«የጪጩው ሰውዬ ደህና ነው?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ጪጩ ማንን ነው የማውቀው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ገባኝ፣ የጫማ መሞከሪያውን ወንበር ያዝኩ። ይህን ሁሉ ዓመት የጪጩው ነጋዴ አግብቶኛል ብሎ ነው የኖረው። ሱቅ ያለው፣ መኪና ያለው ሰውዬ። ጅማ ሆኖ ሲያስበኝ ካሰበኝ ከዚያ ሰውዬ ጋር ነው ያሰበኝ። ልጠይቀው፣ ልጮህበት ፈለግኩ። ወንድ ልጅ ሁለተኛ መጥራት ምን ይከብደዋል? ሰው ያለውን ሁሉ ማመንስ ከየት የመጣ ነው? አሁንም መልሱ አንድ ቃል ነበር።

«ደህና ነው» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ደስ ብሎታል፣ ፊቱ ላይ አየሁት። ከዚያ ዓይኑ ጆሮዬ ላይ አረፈ። «ጉትቻውንም ገዛልሽ።»

«ገዛልኝ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። አመነኝ፣ ሰው ያለኝን አምናለሁ እንዳለው። ሻጯ «እናት፣ ትገዣለሽ ወይስ አትገዢም?» አለችኝ። አልገዛም አልኳት። ዝናቡ ገና አላባራም፣ እኔ ግን ወጣሁ። በመጀመሪያው ጥሪ ልዞር ቆርጬ ነበር፤ እንኳን ስሜን፣ አንቺ ቢለኝም እዞራለሁ ብዬ ቀስ ብዬ ሄድኩ። እስከ ባጃጅ ተራው ድረስ እየበሰበስኩ ቀስ ብዬ ሄድኩ። የጠራኝ የለም።